የምርቃና ቃል

ጭሮ ውስጥ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አውቅ ነበር። ደብተር ሲያልቅበት አባቱን ጠዋት አይጠይቅም። ምሳ ሰዓት ላይም አይጠይቅም። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ይጠብቃል። በዘጠኝ ሰዓት አባትየው በርጫው ላይ ሞቅ ብሎታል፤ ፊቱ በርቷል፤ ምላሱ ተፈትቷል። ያኔ ልጁ በሩ ላይ ቆሞ «አባ፣ ደብተር አልቆብኛል» ይላል። «ደብተር ብቻ? ቦርሳም እገዛልሃለሁ! አንተ እኮ ዶክተር ነው የምትሆነው!» ይለዋል አባት። አብረው የሚቅሙት ሰዎች ይስቃሉ፤ ልጁን ይመርቁታል። ልጁ ግን አይስቅም። እጁን ዘርግቶ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። «አሁን ስጠኝ» ይላል። ያውቃላ! አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ ቦርሳውም፣ ደብተሩም፣ ዶክተርነቱም የሉም።

ይኼን ያጫወተኝ ልጁ ራሱ ነው። የነገረኝም እንደ ብሶት ሳይሆን እንደ ብልሃት ነው። «አባቴ የሚጠየቀው ከዘጠኝ እስከ አሥር ተኩል ነው» አለኝ፤ የባንክ የሥራ ሰዓት የሚናገር ይመስል። እሱ ይኼን ብሎኝ ኳሱን እየመታ ሄደ። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ። ገና አሥራ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ የአባቱ ቃል ሰዓት ካለፈበት እንደማይሠራ አውቋል። እንግዲህ ይህ ልጅ ሲያድግ የማንን ቃል ያምናል?

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው «ጫት ከቃሚው በቀር ማንንም አይጎዳም» ለሚሉ ወዳጆቼ ነው። ክርክራቸውን አሳምሬ አውቀዋለሁ። «ጠጪ ሰክሮ ይደባደባል፤ ቃሚ ግን ሰላማዊ ነው» ይላሉ። «ጫት የሐረርጌ ባህል ነው፤ ሽማግሌ ያለ ቅጠል አይቀመጥም፤ ዱዓም ያለ ቅጠል አይደምቅም» ይላሉ። ሲከፋቸው ደግሞ «ልጆቻችንን ያስተማርነው በጫት ገንዘብ ነው!» ብለው ይዘጉታል።

ሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። በተለይ የመጨረሻው እውነት ነው። ከኩኒ እስከ ገለምሶ፣ ከሂርና እስከ በደሳ ያለውን ገበሬ ጠይቁት። ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚለቀመው፤ ዋጋው ሲወድቅ ወይም በሽታ ሲገባበት ዓመቱን ሙሉ ያስለቅሳል። ጫት ግን ውኃ ካገኘ በዓመት ሁለት ሦስቴ ይቆረጣል፤ ጠዋት ተቆርጦ ከሰዓት ገንዘብ ይሆናል። የታሪክ ምሁሩ እዝቅኤል ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ የሐረርጌ ገበሬ ከ1875 እስከ 1991 ድረስ እንዴት ወደዚህ ቅጠል እንደዞረ በዝርዝር ጽፈዋል። አገሪቱም ብትሆን በ2013 የበጀት ዓመት ወደ ውጭ ከላከችው ጫት 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አግኝታለች። ስለዚህ ለጨርጨር ገበሬ «ንቀለው» የሚል ሰው፣ በምትኩ ምን እንደሚተከል አብሮ ካልተናገረ ዝም ቢል ይሻለዋል።

«ይታገድ!» ባዮቹም አላሳመኑኝም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 አግዳዋለች፤ የእንግሊዝ እገዳ ግን የጭሮውን ልጅ ደብተር አልገዛለትም። የአባትየውን አመል ትቶ ቅጠሉን መክሰስ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ደግሞም የቃመ ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከመቶ ወንዶች 27ቱ፣ ከመቶ ሴቶች 12ቱ አንድ ጊዜም ቢሆን ቅመው እንደሚያውቁ አሳይቷል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ቤቱን አፍርሷል የሚል ካለ ውሸታም ነው። ጎህ ሲቀድ ጥቂት ቅጠል ይዞ እርሻው የሚወርድ፣ ማታ ከልጆቹ ጋር ራት የሚበላ ገበሬ ሞልቷል። ከእሱ ጋር ጸብ የለኝም።

እኔ የማወራው ቅጠሉ የቀኑ አለቃ ስለሆነበት አባት ነው። የእሱን አንድ ቀን እስቲ እንከተለው።

ጠዋት ሐራራ አለ። በሐረርጌ የጠዋቱን ቅጠል «ኢጃ በና» ይሉታል፤ ዓይን መክፈቻ ማለት ነው። ዓይን መክፈቻው እስኪመጣ ድረስ ታዲያ ቤቱ ውስጥ ዓይኑን ቀና የሚያደርግ የለም። ኩባያ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው። ሕፃን ካለቀሰ እናትየው አፉን በጡት ታፍናለች። ከሰዓት በርጫ ነው፤ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ውኃና ኦቾሎኒ ይቀርባል፣ አባት ለጋስ ይሆናል። ዓለም በእጁ ናት፤ ቤት ይሠራል፣ መኪና ይገዛል፣ ልጁን ውጭ አገር ይልካል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ምርቃናው ይወርዳል። ሁሉም የሠራው ቤት አብሮ ይወርዳል። ራት ሲቀርብ አይበላም፤ የምግብ ፍላጎቱ ተዘግቷል። ጨብሲ የሚሉት አመል ካለበት መጠጥ ቤት ይገባል፤ ያ «ቃሚ ሰላማዊ ነው» የተባለለት ሰላምም እዚያው በር ላይ ይቀራል። ሌሊቱን ዓይኑ አይከደንም። ሊነጋጋ ሲል ይተኛል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሱ እንቅልፍ ላይ ነው። አንድ ቀን ሳይቅም ካደረ ደግሞ ዱካክ ሲያስጮኸው ያድራል፤ ልጆቹም አብረውት ሲደነግጡ ያድራሉ።

አያችሁልኝ? አባትና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር እያደሩ፣ ሁለቱም ነቅተውና ረግተው የሚተያዩባት አንዲት ሰዓት የለችም። አልደበደበውም፤ እውነት ነው። አልሰደበውም፤ ይሁን። ግን የለም። ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ የለም! ወዳጆቼ «ማንንም አይጎዳም» ሲሉ ይህን አለመኖር እንደ ጉዳት አይቆጥሩትም።

ነገሩ የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጫት ውስጥ ያለውን ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ለይቶ አውጥቶታል። ጠባዩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል፤ ያነቃል፣ ያናግራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ከዚያ ጥሎ ይሄዳል። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት በሦስት ቀን ኃይሉ ይሟሽሻል። የጫት መኪኖች በየመንገዱ እንዲያ የሚከንፉትም ለዚሁ ነው፤ የጫኑት ነገ የማይሆን ነገር ነዋ። የምርቃና ቃልም እንደ ቅጠሉ ነው። ትኩሱን ካልተቀበሉት ነገ ገራባ ነው።

እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ምን ይማራል? አንደኛ፣ ሰዓት ማንበብ ይማራል፤ የአባቱን ፊት ሰዓት። ሁለተኛ፣ መዋሸት ይማራል። መምህሩ «ደብተርህስ?» ሲለው «ረሳሁት» ይላል። እውነቱን ከሚናገር ሰነፍ መባልን ይመርጣል። ሦስተኛ፣ ዕዳ መሸከም ይማራል። «ሂድ፣ አንድ ዙርባ በዱቤ አምጣልኝ» ተብሎ ይላካል። ሻጯ ያለፈውን ሒሳብ የምትጠይቀው አባትየውን አይደለም፤ እሱ የለማ! የምትጮኸው ልጁ ላይ ነው። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚለው ተረት ጭሮ ገበያ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሲፈጸም ታያላችሁ። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ሰዎቹ ተነሥተው ሲሄዱ ገራባውን የምትጠርገው፣ ታናናሾቿን የምታበላው፣ እናቷ ስታለቅስ የምታባብለው እሷ ናት። ሰፈሩ «እንዴት ያለች ሙያተኛ ልጅ!» ይላታል። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የአምስት ሰው እናት ሆናለች።

ይህ ነገር ከልጅነት ጋር አብሮ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የታተመ ዕውቅ ጥናት ከ9,500 በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቆ ነበር። ከተቆጠሩት መከራዎች አንዱ ቤት ውስጥ ከሱሰኛ ጋር መኖር ነው። እንዲህ ያሉ መከራዎች አራትና ከዚያ በላይ የተደራረቡባቸው ሰዎች፣ ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለመጠጥና ለዕፅ ሱስ፣ ለድባቴ፣ ራስን ለማጥፋት ሙከራም ያላቸው ተጋላጭነት ከአራት እስከ አሥራ ሁለት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ስለ ጫት አልጠየቀም፤ ስለ መጠጥና ስለ ሌላ ዕፅ ነው። ግን በር ላይ ቆሞ የአባቱን ፊት የሚያነብ ልጅ፣ አባቱ ምን እንደወሰደ ለሳን ዲዬጎውም ሆነ ለጭሮው ልጅ ምን ለውጥ ያመጣል?

እሺ፣ ቁስሉ ይህ ነው። ቁስሉን የሚያመረቅዘው ግን ሌላ ነው፤ እኛ ነን። አክስት «የአባትህን ገመና አደባባይ አታውጣ» ትለዋለች። አጎት «ያም ሆነ ይህ አባትህ ነው» ይለዋል። ጎረቤት «ሆድ ይፍጀው» ትላለች። የማን ሆድ? የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆድ! ትልልቆቹ ያልቻልነውን ነገር ትንሹ ሆድ እንዲፈጀው እንፈርድበታለን። ይኸው አገር «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ተረትም አለው። ልጁ ላይ ሲሆን ግን ተረቱን እንረሳዋለን።

አሜሪካኖቹ የጠጪ ቤተሰቦች የሚሰበሰቡበት አል-አኖን የተባለ ማኅበር በ1951 አቋቋሙ። በ1957 ደግሞ ልጆቹ ለብቻቸው የሚነጋገሩበት አላቲን ተከተለ። እዚያ ልጅ የሚሰማው ነገር ቀላል ነው፤ የአባትህን ሱስ ያመጣኸው አንተ አይደለህም፤ ልታድነውም አትችልም፤ ስለ እሱ መናገርህም ክህደት አይደለም። ይህን ለማለት ማኅበር ማቋቋም፣ ፈረንጅ መሆንም አያስፈልግም። አንዲት አክስት ትበቃለች።

አሁን ወደ ዋናው ጸቤ ልምጣ። አንድ ወዳጄ ከስንት ዓመት በኋላ ጫት ተወ። በእውነት ተወ። ሌሊት እያላበው፣ በትንሽ ነገር እየነደደ፣ ጓደኞቹን እየሸሸ ተወ። ወንድነት ነው፤ አደንቀዋለሁ። በሁለተኛው ወር ግን ተቆጥቶ መጣ። «ልጄ አያከብረኝም! አናግረዋለሁ፣ ዓይኔን አያየኝም። ተውኩ እኮ! ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?» አለኝ። «አንተ ከተውክ ሁለት ወርህ ነው፤ እሱ ስምንት ዓመት ነው የጠበቀህ» አልኩት። ተቀየመኝ። ግን እውነቱ ይኸው ነው። አባት ቅጠሉን የተወ ቀን የአባት ሕክምና ተጀመረ እንጂ የቤተሰቡ አላለቀም። ልጁ ያመመው ጫት አይደለም፤ ቃል ነው። ቃል ደግሞ በመተው ብቻ አይድንም።

የባልና የሚስቱን ሽማግሎች ብታዩ ደግሞ ይብስ ይገርማችኋል። ምዕራብ ሐረርጌ እኮ የሽምግልና አገር ነው። ኦዳ ቡልቱም ከአምስቱ ታላላቅ የኦሮሞ ኦዳዎች አንዱ ነው፤ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሕግ ማውጣትና ሰው ማስታረቅ እዚህ የቆየ ነው። ዛሬም ጃርሰ ቢያ ሲቀመጡ ደንብ አለ። በዳይ ጥፋቱን ያምናል፤ ተበዳይ ቃሉን ይናገራል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ምርቃት ይከተላል። ታዲያ ቤቱ በሱስ ሲናጋ ሽማግሎቹ መጥተው በመጀመሪያ የሚሉት ምንድን ነው? «ልጆቹን ውጭ አውጧቸው!» ባልና ሚስት ይከራከራሉ፤ እሷ ይቅር ትላለች፤ እሱ ይምላል፤ ይመረቃል፤ ይበላል። ዋናው ተበዳይ ደጅ ላይ ኳስ ይዞ ቆሟል። ስንት ዓመት የቤቱን ገመና የተሸከመ፣ ዱቤ የጠየቀ፣ መምህር የዋሸ ሰው «ልጅ ነው፤ ምን ያውቃል?» ተብሎ ከእርቁ ወጥቷል። ሁሉንም የሚያውቀው እሱ ነው እኮ!

«አባት ልጁን ይቅርታ ይጠይቅ ልትል ነው? ነውር አይደለም?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ልል ነው። ልጅን በዱቤ ጫት ለማምጣት መላክ ነውር ካልሆነ፣ «በድዬሃለሁ» ማለት እንዴት ነውር ይሆናል? ክብር ይቀንሳል የሚል ካለ፣ የትኛው ክብር እንደቀረ ልጁን ይጠይቀው። እኔ እስካየሁት ጥፋቱን ያመነ አባት በልጁ ፊት ከፍ ይላል እንጂ አያንስም።

ስለዚህ የምለው ይኼ ነው። ሽማግሎች ሆይ፣ ልጁን አስገቡት። አባቱ ፊት መናገር ከፈራ፣ የሚያምናት አክስት ወይም አያት ቃሉን ታድርስለት፤ ብቻ ቃሉ ይሰማ። ካሳም ይቆረጥ፤ ገንዘብ አይደለም፣ ሰዓት ነው። የተወ አባት ትልልቅ ቃል አይግባ፤ ቦርሳና ዶክተርነት ልጁ በቃኝ ብሏል። ቃሉ ትንሽ ይሁን፣ ጠዋት ይሁን። «ዛሬ ስድስት ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ» ይበልና ይቁም። በማግስቱም ይቁም። አንዳንድ ቀን ቢሸነፍ እንኳ ሸንፎኛል ብሎ ለልጁ ይንገረው እንጂ አይደበቅ። ያልተወውም አባት ቢሆን አንድ ነገር ይችላል፤ ልጁን ለቅጠልና ለዱቤ አይላክ። ሻጮቹም ለልጅ አንሰጥም ይበሉ፤ እነሱም እናቶች ናቸው።

መምህራንም «ረሳሁት» የሚል ልጅ በተደጋጋሚ ሲያጋጥማቸው ከመቅጣታቸው በፊት ለብቻው ጠርተው ቤቱን ይጠይቁት። ሱስ ሕመም መሆኑንም እንቀበል። ሌሊት ድምፅ የሚሰማ፣ ሚስቱንና ጎረቤቱን መጠርጠር የጀመረ ቃሚ «መርቅኖ ነው» ተብሎ የሚሳቅበት ሳይሆን ሐኪም ዘንድ የሚወሰድ ሰው ነው።

መንግሥትም ቢሆን የራሱን ሚዛን ይመልከት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮልና ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የመጠጥ ማስታወቂያም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወርዷል። ጥሩ አደረገ። የአሥር ዓመት ልጅ ዙርባ አቅፎ በገበያ ሲያልፍ ግን ማንም አያስቆመውም። ቅጠሉን ማገድ ሌላ ክርክር ነው። የልጅን እጅ ከቅጠሉ ማራቅ ግን ክርክር የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ያን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት አገኘሁት። «አሁንም በዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጠይቀው?» ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። «አይ፣ ትቻለሁ። ራሴ ነኝ የምገዛው» አለኝ። ከትምህርት በኋላ ጫት ተራ ውስጥ ፌስታል ይሸጣል። ለአባቱ ጓደኞችም ይሸጥላቸዋል። ሰፈሩ «ጎበዝ ልጅ! ራሱን ቻለ» እያለ ያደንቀዋል። እኔ ግን ጉብዝናው አልታየኝም። የታየኝ አባቱን መጠየቅ ያቆመ ልጅ ነው። የሚጠይቅ ልጅ እኮ ገና ተስፋ ያለው ልጅ ነው።

እና አንተ ይህን የምታነብ አባት፣ ልጅህ አሁንም እየመጣ የሚጠይቅህ ከሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ልብ በል። ዘጠኝ ሰዓትን መርጦ ከሆነ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው። ነገ ጠዋት፣ ቅጠል ሳትነካ፣ ቀድመኸው ጠይቀው።